የአንድ መንደር መርዶ

ባለፈው ወር ኦቦ ቶላ ሞቱ። በሞቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻ ልጃቸው ደረጀ ፎቶ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብለው አሻፈረኝ አለ። ለድንኳኑ የሚሆን የአባቱን ፎቶ ፈልጎ ነው የመጣው። ዛሬ ለለቅሶ ፎቶ ማሳደግ ቀላል ሥራ ሆኗል። ሰዉ ከስልኩ ይልክልኛል፤ እኔ ፊቱን አጠራለሁ፣ ከኋላው ያለውን ግርግር አጠፋለሁ፣ አትሜ ፍሬም ውስጥ ከትቼ እሰጣለሁ። በዓለም ገና ከተማ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ድንኳን አከራዩ ዘንድ ነው፣ ቀጥሎ እኔ ዘንድ። የሰው ሞት ለእኔ የሥራ ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል።

ደረጀ ግን ስልኩ ውስጥ የአባቱ ፎቶ አልነበረውም።

“እትዬ ዘይነባ፣ እርስዎ ጋ አይጠፋም” አለኝ። “ያኔ መንደሩን ሙሉ ሲያነሱ አልነበር?”

እውነቱን ነው፣ አንስቻለሁ። የኔጋቲቩን ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር ጎትቼ አወጣሁና አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋሁ አየሁ። አጥር አለ፣ ውሻ አለ፣ የወንዝ መሻገሪያ አለ፣ የጭድ ክምር አለ። ኦቦ ቶላ የሉም። ሁልጊዜ አጠገቤ ቆመው “ይኼን አንሺ፣ ያንን እንዳትረሺ” ሲሉ ስለነበር አንድም ቀን ከካሜራው ፊት አልገቡም። ያን ሁሉ ፎቶ ያስነሳ ሰው ለራሱ ለቅሶ የሚሆን አንድ ፎቶ አጣ። በመጨረሻ ከጎረቤት ሠርግ ፎቶ ላይ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ብቅ ያለውን ፊታቸውን ቆርጬ አሳደግኩለት። ደረጀ ይዞ ከሄደ በኋላ ካርቶኑን መልሼ መክደን አቃተኝና ከፊቴ አስቀምጬው ቆየሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጅማ መምህርነት ስማር አባቴ ሞተብኝና ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። አባቴ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ፣ እዚሁ ዓለም ገና፣ የቡታጅራው መንገድ ከጅማው በሚለይበት አካባቢ ሱቅ ከፍቶ የኖረ ነጋዴ ነበር። ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ሚስማር፣ የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣል። የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይድ ደግሞ ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ፎቶ ቤት ነበረው። አባቴ ሲቀበር አልነበርኩም። ስደርስ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ሰው ወደየሥራው ተመልሶ ነበር።

አላለቀስኩም። እናቴ ነገሩ አስፈርቷት ቁርአን አስቀራችልኝ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ “ጀግና ልጅ” አሉኝ። ጀግንነት አልነበረም። እግር ሲደነዝዝ ታውቁት የለ? መኖሩን ታያላችሁ፣ ብትቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው እግር ነው። እኔም እንዲያ ሆኜ ከረምኩ። የበላሁት አይጣፍጠኝም፣ አይመርረኝም። ሰው ሲቀልድ የት ላይ እንደሚሳቅ አውቃለሁ፣ እስቃለሁም። ማታ እተኛለሁ፣ ጠዋት እነሳለሁ፣ በመሐል ምን እንደሠራሁ ብትጠይቁኝ ግን ማሰብ ነበረብኝ።

አጎቴ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያላፊ አግዳሚውን እግር ሳይ ቢሰለቸው፣ አሮጌዋን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ ገጠር ለገጠር እየዞርኩ ክርስትናና ሠርግ እንዳነሳ አደረገኝ። ደስ አለኝ አልልም፤ ግን ተመቸኝ። ፎቶ አንሺ ዝም ቢል ሥራው ነው ይባላል። ሴት ልጅ፣ ያውም የሙስሊም ልጅ፣ ካሜራ ይዛ መዞሯን ያሙ ነበሩ፤ አንድ ሁለት ሠርግ ካነሳሁ በኋላ ግን ሐሜቱ ቀርቶ ቀጠሮ ማስያዝ ሆነ።

ከካሜራው ጋር የፎቶ ቤቱን ኮት እሸከም ነበር። ያኔ ፎቶ ቤት ሁሉ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ነበረው፤ የራሱ የሌለው ሰው ለብሶ ይነሳበታል። ሰው ፎቶ የሚነሳው እንዲታይ በሚፈልገው መልኩ እንጂ በሚኖርበት መልኩ አልነበረም። ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ውኃ ስትቀዳ ያነሳችሁት እንደሆነ ጥል ነው። “በሥራ ልብሴ? ምን በድዬሽ?” ይላችኋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ባነሳሁት ፊልም ላይ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ያለ ወንድ ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ያንኑ ቡናማ ኮት ለብሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ኦቦ ቶላ የመጡት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጨፌ የሚባል መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የሱቃችን ደንበኛ ስለነበሩ ከአባቴ ጋር ግማሽ በኦሮምኛ ግማሽ በአማርኛ ሲከራከሩ ነበር የማውቃቸው።

“አካም ቡልቴ፣ ዘይነባ?”

“ደህና፣ ኦቦ ቶላ። እንዴት አደሩ?”

“መንደራችንን አንሺልኝ።”

“ማንን?”

“መንደሩን። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ወንዙን። እንዳለ። ያን ኮት ይዘሽ እንዳትመጪ።”

ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱኝ። በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካ እየተተከለ ነበር፤ አሁን ተራው የጨፌ ሆኖ፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ መንደሩ እንዲነሳ ተነግሯቸዋል። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሴት ልጃቸው ጫልቱ ናት። ጫልቱ ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ዓይኗን ወስዶባታል። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እያደረች ትማራለች፤ በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ስለነበረች ሰኔ ላይ ትልቁን ፈተና ትፈተናለች። ጨፌን ግን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከአስፋልቱ ወርዳ እስከ ቤቷ ድረስ ያለ መሪ፣ ያለ በትር ትሄዳለች።

“እሷ ፎቶ አታይም እኮ፣ ኦቦ ቶላ” አልኳቸው። ጤነኛ ብሆን እንዲህ አልልም ነበር።

አልተቀየሙኝም። “የሚያይላት አይጠፋም” አሉ። “እኔ ስነግራት ወሬዬ ይለወጣል። ደስ ሲለኝ እጨምርበታለሁ፣ ሲከፋኝ እቀንስበታለሁ። ፎቶ ግን አይጨምር፣ አይቀንስ። ያየ ሰው ያየውን ይነግራታል።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ፈተናዋን ሳትጨርስ መንደሩ መነሳቱን እንዳትሰማ። ትምህርቷ ነው ያላት፣ ሌላ ምን አላት? ምላሴን እቆርጣታለሁ እንጂ አልነግራትም።”

ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሥራ ባልያዝኩባቸው ቀናት ወደ ጨፌ እሄድ ነበር። ከአስፋልቱ ስወርድ በአደይ አበባ ርዝራዥ መካከል የምታልፍ ቀጭን መንገድ ነበረች፤ ግራና ቀኟ ጤፍ፣ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሽምብራ። አዴ ድንቄ፣ የኦቦ ቶላ ሚስት፣ ስደርስ ጨጨብሳ በቅቤ አርሰው ያቀርቡልኛል። የገና ጾም ሲገባ ቅቤው ቀረና የሽምብራ እሸት በጉያዬ ሞልተው ይሸኙኝ ጀመር። እሸቱን እየፈለቀቅሁ ወደ አስፋልቱ እመለሳለሁ። ጣዕሙን ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ያኔ ግን እንደጣፈጠኝ አላስታውስም። ይህን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም።

ኦቦ ቶላ የሚያስነሱኝ ነገር ሌላ ፎቶ አንሺ ቢሆን ያስቀው ነበር። ከአጥሩ ውስጥ አንድ እንጨት ወልቆ ሰው በጎን የሚሾልክበት ቀዳዳ ነበረ፤ ጫልቱ የምትገባው በሱ ስለሆነ አንሺው አሉኝ። ወንዙን የሚሻገሩባቸውን ድንጋዮች፣ በተለይ የምትንገዳገደዋን፣ አስነሱኝ። ውሻው ከበሩ ሥር የቆፈረውን ጉድጓድ አስነሱኝ። አንድ ቀን ደግሞ በቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ኩበት ላነሳ ቀጠሮ ይዘን ስደርስ፣ አዴ ድንቄ ኩበቱን በሙሉ አንስተው፣ ግድግዳውን በአመድ ውኃ ለቅልቀው፣ አዲስ ሻሽ አስረው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ኦቦ ቶላ ጮኹ። “ኩበቱ የት ሄደ?”

“የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? ድፍን ዓለም ገና የሚያየው ፎቶ ላይ እበት?”

“ልጅሽ ቤት መድረሷን የምታውቀው በምን ሆነና! ግድግዳው ድረስ መጥታ እሱን ዳስሳ አይደል?”

“ዳስሳ ትወቅ! ፎቶ ላይ ምን ይሠራል?”

ተጨቃጨቁ፣ በኦሮምኛ ሲሆን ጭቅጭቁ ይበልጥ ይፈጥናል። በመጨረሻ አዴ ድንቄ አዲሱን ሻሽ እንዳሰሩ፣ ከጓሮ የቆለሉትን ኩበት ጥቂቱን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ፊታቸውን አኩርፈው ቆሙ። ያንን አነሳሁ። ቀስ በቀስ የመንደሩ ሰው ለመደኝና በሥራ ልብሱ መነሳቱን ተወው፤ የተሸነፈው በኦቦ ቶላ ነው እንጂ በእኔ አይደለም። ሲወቃ አነሳሁ፣ ሲያበጥር አነሳሁ፣ ሴቶቹ ወንዝ ዳር እንስራቸውን አስቀምጠው ሲያወሩ አነሳሁ። ፊልሙ ታጥቦ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አጎቴ እያገላበጠ “ይኼ ምኑ ፎቶ ነው? ማን ይገዛዋል?” አለ። እውነት ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር።

በጥር ጨፌ ተነሳ። የእንጨቱን ቤት ባለቤቶቹ ራሳቸው አፈረሱት፣ ቆርቆሮና ማገሩን በጋሪ ጫኑ፤ የቀረውን ዶዘር ደመሰሰው። እነ ኦቦ ቶላ ወደ ዓለም ገና ጠጋ ብለው፣ አንዱ ካንዱ በማይለይ የቆርቆሮ ቤት መደዳ ውስጥ ገቡ። እኔ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩና ቀድሞ ከቆምኩባቸው ቦታዎች ላይ እየቆምኩ ያንኑ ቦታ ደግሜ አነሳሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቦታዎቹን በዶዘር ዱካ መሐል መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ወንዙ ብቻ አልተንቀሳቀሰም። በአንደኛው ፎቶ ላይ አዴ ድንቄ በቆሙበት በሁለተኛው ቀይ አፈር አለ። አነሳሁ፣ ፊልሙን አዞርኩ፣ አነሳሁ። አላዘንኩም። ባዝን ኖሮ ያን ያህል ማንሳት አልችልም ነበር መሰለኝ።

ጫልቱን ከዚህ ሁሉ መደበቅ የቤተሰቡ ሥራ ሆነ። በፋሲካ “ጥናትሽ ይበልጣል፣ እዚያው ዋይ” ተብላ ትምህርት ቤት ዋለች፤ አዴ ድንቄ ዶሮ ወጥ በሰሃን ቋጥረው ወስደው፣ አብልተው፣ አንድም ነገር ሳይተነፍሱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ግን አልሆነላቸውም። “ድምፄን ታውቀዋለች፣ አንድ ቀን ያመልጠኛል” ብለው መሄዱን ተዉ። እሑድ እሑድ የሚሄዱት ኦቦ ቶላ ብቻ ሆኑ። እናቴስ ስትላቸው “እግሯን ትንሽ አሟታል፣ ሲሻላት ትመጣለች” ይሏታል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጥሩ ዘዴ ያገኙ መስሏቸው ነበር።

ፈተናው አልቆ ልጅቷ ወደ ቤት የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በቆርቆሮው ቤት ተሰበሰቡ። እኔም ፎቶዎቹን እንዳመጣ ተጠርቼ ነበር። አንደኛው መኪና ወንበር ላይ እንንገራት አለ፣ ሌላው ቤት ደርሳ ራሷ ትድረስበት አለ። ኦቦ ቶላ እስከ መጨረሻ ሰሙና “ሰው ሲሞት እንዴት ነው የምንናገረው?” አሉ። “እንደሱ እንናገር። ይኼ መርዶ ነው። በመንገድ ላይ አይነገርም፣ በሕፃን አፍ አይነገርም። ሽማግሌ ማልዶ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ በወግ ይነግራታል።” የመንደሩ ትልቅ ሰው ኦቦ ገመቹ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ተስማማ። መንደር መርዶ ተነግሮለት እንደማያውቅ ያሰበ አልነበረም። ቢያስብም ያንን ቀን ኦቦ ቶላን ደፍሮ የሚናገራቸው አልነበረም።

በወጉ መሠረት አዴ ድንቄ ቤት ቀሩ፤ መርዶ ሲነገር ሆዷ የማይችል ሴት አትሄድም፣ ከበሩ ስትደርስ ታስታውቃለች።

ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሰበታ ደረስን። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ፣ ገናም እያካፋ፣ መንገዱ ጭቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በአንድ መስመር ይራመዳሉ፣ እኔ ፎቶዎቹን በካኪ ፖስታ ይዤ ከኋላ ነኝ። ዘበኛው ገና ሲያየን ቆቡን አወለቀ። “ነፍስ ይማር” አለ። አንድም ሰው አላረመውም። የእንግዳ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፣ የልጆቹ ሞግዚት ጫልቱን ይዛ መጣች።

ጫልቱን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋት። ረጅም እንደ አባቷ፣ ሹራቧን በችኮላ ገልብጣ የለበሰች ልጅ። በሩ ላይ ቆመች። አንዱ ሳለ፣ ሌላው እግሩን አሸሸ፣ እርጥብ ጋቢም ይሸታል።

“አባ?”

“አለሁ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።”

“ከማን ጋር ነህ?”

ኦቦ ገመቹ እንደ ወጉ ተነሥተው “ልጄ፣ ከጨፌ ነን። ተቀመጪ” አሉ።

አልተቀመጠችም። “እናቴስ?” አለች። ኦቦ ቶላ ለመልሱ ትንሽ ዘገዩ፤ ያች መዘግየት በቃች። ጫልቱ መሬት ላይ ወደቀች። “ሃርሜ ኮ! ሃርሜ ኮ! እናቴን!” እያለች ደረቷን ትደቃለች። ኦቦ ቶላ ወደ እሷ ዘለው “ጂርቲ! ጂርቲ! በሕይወት አለች! እቤት ናት!” ቢሉ ማን ይስማቸው። እናቷ ታማለች ተብሎ ከርሟል፣ ሽማግሌ በጠዋት መጥቷል፣ እናት የለችም። እኔ ብሆንስ? “አለች” የሚለውን ቃል መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ ይለዋል። በአግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ምን እንዳደረጉ ያኔ ገባቸው። ኦቦ ገመቹ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጋቢያቸውን ጥለው አዴ ድንቄን ሊያመጡ ወደ አስፋልቱ ሮጡ።

ኦቦ ቶላ በቀረቧት ቁጥር ጩኸቱ ስለሚብስ ከበሩ ውጭ ዝናቡ ላይ ቆሙ። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሲደክማት ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ ማነሽ?”

“ዘይነባ እባላለሁ። ፎቶ አንሺ ነኝ።”

“የለቅሶውን ፎቶ ነው ያመጣሽው?”

“አይደለም። እናትሽ አልሞቱም።”

“አባት አለሽ?”

“የለኝም።”

“ሲሞት ምን አሉሽ?”

ጅማ ድረስ የመጣው የአጎቴ መልእክተኛ ያለኝን እስከዚያ ሰዓት ለማንም ደግሜ ተናግሬው አላውቅም ነበር። “ትንሽ አሞታል አሉኝ” አልኳት።

“እኔንም እንደሱ ነው ያሉኝ” አለች።

እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሷ እያለቀሰች፣ እኔ ዝም ብዬ። በዚያች ሰዓት ከልቤ ቀናሁባት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እናቷ በሕይወት ስላለች አልነበረም የቀናሁት። እንደዚያ ማልቀስ ስለቻለች ነው።

አዴ ድንቄ ከግቢው በር ጀምረው “ጫልቱ! ጫልቱ!” እያሉ ነው የመጡት። አንድ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ጫልቱ ድምፁን ስትሰማ እንደ ደነገጠች ቀና አለች፣ ከዚያ ፊታቸውን፣ ሻሻቸውን፣ ጆሮአቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ተጠመጠመችባቸው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ። በመጨረሻ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ “ታዲያ የሞተው ማነው?” አለች።

ኦቦ ገመቹ ያዘጋጁትን ሁሉ ረስተው፣ እየተንተባተቡ፣ ጨፌ መነሳቱን፣ ቤቱ መፍረሱን፣ ማሳው መታረሱ መቅረቱን ነገሯት።

“ቤት?” አለች ጫልቱ። “ቤት ነው? ቤት ብቻ ነው?” ሳቀች። እናቷን አገላብጣ እየሳመች ትስቃለች፣ አዴ ድንቄም አብረው ይስቃሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። ኦቦ ቶላ ከበሩ ገብተው ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጣሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማንም “አይዞህ” አላላቸውም። ልጁ ከፊቱ እየሳቀች እሱ የሚያለቅስን ሰው ምን ብለው ያጽናኑታል? ማሳውን ሲያስረክቡ ያላለቀሱ ሰው፣ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያፈርሱ ያላለቀሱ ሰው፣ “ቤት ብቻ” ስትል አለቀሱ።

እኔ አላየኋቸውም ነበር፣ ኋላ የተነገረኝ ነው። ሁሉም ሲሳሳቅ እኔ ዓይኔን ከግቢው በር ላይ አልነቀልኩም ነበር። ከአዴ ድንቄ በኋላ ሌላ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ቆሜ እጠብቅ ነበር። ዘበኛው በሩን ሲዘጋው ነው ያቆምኩት።

ጫልቱ የጠፋው ነገር የገባት ከሳምንት በኋላ ነው። በቆርቆሮው ቤት መደዳ ላይ ከደጅ ወጥታ ስትመለስ ቤቷን አጣችው። ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። የሰው ቤት ገብታ “እማ” አለች። ያን ቀን ልጅ ልካ አስጠራችኝና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። አዴ ድንቄ ያኮረፉበትን ስነግራት ሳቀች፣ የአጥሩን ቀዳዳ ስነግራት አለቀሰች። ኦቦ ቶላ ራቅ ብለው ይሰሙን ነበር፤ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መናገሬን ሊያረጋግጡ መሰለኝ።

ጓደኛሞች የሆንነው እንዲህ ነው። ጫልቱ ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ አሁን አምቦ ታስተምራለች፣ እዚያው አግብታ ወልዳለች። አንድ ክረምት ዓለም ገና መጥታ የበቆሎ እሸት እየበላን ሳለ በድንገት “ዘይነባ፣ አንድ ነገር ማዪልኝ” አለችኝ። “በእኔ ላይ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይላክብኝ። የሚሆነው ሲሆን አንቺ ንገሪኝ። በስልክ፣ በቀን፣ በቀጥታ።” ወላሂ አልኳት። ቀላል ነገር ነበር የመሰለኝ።

ደረጀ የአባቱን ፎቶ ይዞ ሊወጣ ሲል የነገረኝን አልነገርኳችሁም። “ለጫልቱ ትንሽ አሞታል ብለናታል” ነበር ያለኝ። “ነገ ከቀብር በኋላ ሽማግሌ አምቦ ይሄዳል።” እሱን ምን እለዋለሁ? ወግ ነው፣ ከአባቱ የተማረው። እሺ ብዬ ሸኘሁት። ካርቶኑን ከፊቴ አድርጌ የቆየሁትም ለዚህ ነበር። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

“ዘይነባ! አባቴን አሞታል አሉኝ፣ ጠይቀሽዋል?”

“ጫልቱ” አልኩ፣ “አባትሽ ሞቱ። ዛሬ ጠዋት ነው። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።”

ከጀርባዋ የተማሪዎች ጩኸት ይሰማል። “እደርሳለሁ?” አለች። “አሁን ከተነሳሽ ትደርሻለሽ” አልኳት። “እሺ” አለች። ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱም ደርሳ አባቷን ቀበረች።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አባትሽ ሞቱ። ሁለት ቃል ነው። ለእኔ ማንም እንዲህ አላለኝም፤ “አላህ የሰጠውን ወሰደ”፣ “ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው”፣ “አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ”፣ ይህን ሁሉ ብለውኛል፣ ያንን ግን አላሉኝም። ከገዛ አፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። እንባዬ መጣ። ኦቦ ቶላ ይቅር ይበሉኝ፣ ለሳቸው አልነበረም። ለአባቴ ነበር፤ ለሚስማር መመዘኛው፣ ለኦሮምኛው፣ ሳላየው ለገባበት አፈር።

ለፓስፖርት ፎቶ ልትነሳ የመጣች አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። “ውይ፣ ምነው? ማን ሞተብሽ?”

“አባቴ” አልኳት።

“እግዜር ያጽናሽ እህቴ። መቼ ነው?”

“አሁን ነው የሰማሁት” አልኳት። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ አለቀሰች።